ውሃ ያልተሰጠው ድንች

ድንች መቦርቦር ቀላል ሥራ ይመስላል እንጂ አይደለም። ግድግዳው ከሳሳ ይቀደዳል፤ ከወፈረ ደግሞ የሚጠበቀው ነገር ሳይታይ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። እኔ የምቦረቡረው ጫፉ በተጣመመ የሻይ ማንኪያ ነበር። ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ በዱካ ተቀምጬ፣ ጭኔ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቼ፣ ከጉና የወረዱ አራት ትልልቅ ድንቾች አጠገቤ ደርድሬ፣ ማንኪያውን እየረገምኩ ነበር።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል አለን፤ ውስጡ ያሉት ግን እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው መምህር ሙከራን የሚሠራው በአፉ ነው። "ይህን ብናደርግ ይህ ይሆናል" ይልና ያስጽፋል። እኔ እንዲህ ያለውን ማስተማር አልወድም፤ አለመውደዴንም አልደብቅም ነበር። በድንችና በማንኪያ ማሳየት የሚቻለውን ነገር በወሬ ማለፍ ስንፍና ነው ብዬ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ መምህራን ማረፊያ ስገባ "ድንቿ መጣች" ይባል ጀመር። አልተከፋሁም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

በግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ አከራዬና ልጃቸው ይኖራሉ። አከራዬ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጠላ እየጠመቁ ቤታቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። ልጃቸው አረብ አገር ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው ነፍሰ ጡር ሆና ነው። አባትየው እዚያው ቀርቷል፤ በግቢው ውስጥም ስለ እሱ አይነሳም። አሁን ከተማው መሃል ፀጉር ቤት ተቀጥራለች። ጠዋት እሷ ሥራ ስትሄድ፣ ሰባት ወር የሞላት ሴት ልጇ ከአያቷ ጋር ትውላለች። ሕፃኗ ሳቂታ ነበረች። ያገኘችውን ድንች ሁሉ በሁለት እጇ እየያዘች ድድዋን ታክክበት ነበር።

በዚያ ሳምንት ተቅማጥ ያዛት። ከባድ አልነበረም፤ ትስቃለች፣ ትጫወታለች። አከራዬ ግን ልጅ በተቅማጥ ቀብረው ስለሚያውቁ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስደዋት ሦስት እሽግ ዱቄት ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል፤ ያን በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን። እሽጎቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና አጠገቤ ቆሙ።

"መምህርት፣ እንዲያው ሥራ አስፈታሁሽ" አሉኝ። "አንዱን እሽግ ባንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ ብላኛለች የጤና ጣቢያዋ ልጅ። አንድ ሊትር! ይቺ ጭብጥ የማታህል ነፍስ አንድ ሊትር ውሃ የት ታደርገዋለች? የተረፈው ሲደፋ መድኃኒቱም አብሮ መደፋቱ አይዶል? ውሃውን ባንድ ብርጭቆ ባደርገው ምን ይላል?"

ሦስተኛውን ድንች ይዤ ነበር። ማንኪያው አዳልጦኝ አፉን ቀደደው፤ ተናደድኩ።

"ምንም አይል እማማ" አልኩ፣ ድንቹን እያገላበጥኩ። "ዋናው መድኃኒቱ ሆዷ መግባቱ ነው።"

"ጎሽ፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር" ብለው ሄዱ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ስድሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ጨው ሕይወት ያለውን ነገር ምን እንደሚያደርገው ላሳይ ድንች የምቦረቡረው እኔ። ሕፃኗ ልትሞት የነበረው በዚያ በአንድ ትንፋሽ በተናገርኩት ነገር ነው፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ሐሙስ ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። ዝናቡ አልወጣ ብሎ ጥቅምት ድረስ የተንዘላዘለበት ዓመት ስለነበር በየጠዋቱ ጉም ነበር፤ የዚያን ቀኑ ግን ግቢው ውስጥ ገብቶ የአጥሩን በር አሳጣኝ። ድንቾቼን በዘንቢል ይዤ ስወጣ አከራዬ በረንዳው ላይ ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሕፃኗ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች። እንደዚያ የሚጠጣ ሕፃን አይቼ አላውቅም። ጥርስ የሌለው አፏ ብርጭቆውን ነክሶታል፤ ዓይኖቿ ፈጠዋል። እኔን አይተው አልሳቁም፤ አልተርገበገቡም። አያቷ ብርጭቆውን ለአፍታ ሲነሷት ምላሷን አውጥታ አየሩን ትልስ ጀመር።

"ተመልከቻትማ!" አሉኝ አከራዬ በኩራት። "መድኃኒቱን እኮ ወደደችው። ሌሊቱን ሙሉ አምጡ እንዳለች፣ ዓይኗን ሳትከድን ነው ያደረች። ሁለተኛውን እሽግ ጀምረናል።"

"እሰይ፣ ከጠጣችማ ዳነች" አልኩ። ብርድ ብርድ አለኝ፤ በጉሙ አመካኘሁና ነጠላዬን አጣፋሁ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ሦስት ሳህን ውሃ ሞላሁና መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። አንደኛው ሳህን ላይ ጥሬ ድንች አቁሜ ጎድጓዳው ውስጥ ደረቅ ጨው ጨመርኩ። ሁለተኛው ላይ ጥሬ ድንች፣ ጨው ሳይገባበት። ሦስተኛው ላይ ማታ የቀቀልኩት ድንች ከነጨው። አፉ የተቀደደው አራተኛ ድንች ተረፈ፤ ሳህን ግን አልነበረውም። መጣሉ አሳዘነኝና ጨው ሞልቼበት መስኮቱ ደፍ ላይ በደረቁ አስቀመጥኩት። በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። ተማሪዎቹን "ማንም እንዳይነካው፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እናየዋለን" ብዬ ወጣሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የክፍሉ አለቃ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ።

ጉሙ ቀኑን ሙሉ አልተነሳም። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ክፍሉ እንደ ምድር ቤት ጨልሞ ነበር፤ መብራትም የለም። ተማሪዎቹን በአምስት በአምስት እየጠራሁ አሳየኋቸው። የመጀመሪያው ድንች ላይ ጨው አይታይም፤ ቀልጦ ጎድጓዳው እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል። ጨው ያልገባበት ሁለተኛው ጎድጓዳው ደረቅ ነው። የተቀቀለው ላይ ጨው ትንሽ ረጥቦ እንደተቀመጠ ነው።

"ለምን?" አልኩ። "ሁለቱም ጨው አላቸው፤ ሁለቱም ውሃ ላይ ቆመዋል። ጥሬው ሲስብ የተቀቀለው ለምን እምቢ አለ?"

"የተቀቀለው ሞቷላ" አለ ከኋላ አንዱ። "ሬሳ አይጠጣም።"

ሳቁ፤ ሁሉም ግን አልሳቁም። እኔ መልሱ ደስ ብሎኝ ሰሌዳው ላይ የሴሉን ስስ ሽፋን መሣል ጀመርኩ። ውሃው ጨው ወደ በዛበት እንዴት እንደሚያልፍ በቀስት አሳየሁ። ቀስቱን ሳልጨርስ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ ልጅ "ቲቸር" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

"ይኼኛውም ሞልቷል።"

ዞር አልኩ። መስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን እያየች ነው። ሄጄ አየሁት። ውሃ ያልሰጠነው ድንች፣ ሳህን የሌለው፣ ደረቅ እንጨት ላይ የተቀመጠው ድንች፣ በተቀደደው አፉ በኩል ሊፈስ እስኪደርስ ድረስ በውሃ ተሞልቷል።

"ማን ጨመረበት?" አለ አንዱ። ማንም አልጨመረበትም፤ ቁልፉ በእኔ ኪስ ነበር የዋለው። ሁለት ሴት ልጆች ሲያማትቡ አየሁ። "ጉሙ ይሆናል" አለ ሌላው፣ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ፤ መጽሐፉን ሳልገልጥ አውቀዋለሁ። ድንቹን አነሳሁት።

ድንቹ ለስልሶ ነበር። ጠዋት እንደ ድንጋይ የጠነከረው ሥጋው አሁን አውራ ጣቴ ሥር ሊጥ ሆኗል። ጫን ብዬ ስለቀው የጣቴ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ።

"ውሃ ሳይሰጠው ከየት አመጣው?" አለች የመስኮቷ ልጅ።

"ከራሱ" አልኩ። "ጨው ውሃ ይፈልጋል። ከውጭ ካላገኘ ከራሱ ከድንቹ ሥጋ ይስባል። ውስጡ ሲታይ የሞላ ይመስላል፤ ሥጋው ግን እየደረቀ ነው።"

ልጅቷ ድንቹን ከእጄ ላይ ትኩር ብላ አየችው። "የጠጣ እየመሰለው ነዋ በጥም የሞተው" አለች።

ያን ጊዜ ብርጭቆው ታየኝ። በሁለት ትንንሽ እጆች የተያዘው ብርጭቆ፣ የማይርገበገቡት ዓይኖች፣ አየር የሚልሰው ምላስ። በአንድ ሊትር መበጥበጥ ያለበት ጨውና ስኳር በአንድ ብርጭቆ። በጠጣች ቁጥር የምትጠማው ለዚህ ነው። በጠማት ቁጥር ደግሞ እንጨምርላታለን፤ ወደደችው ብለን እየሳቅን።

ድንቹን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ለተማሪዎቹ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም፤ ምንም ሳልላቸው የወጣሁ ይመስለኛል። የተሳፈርኩበት ባጃጅ በጉሙ ውስጥ መብራቱን አብርቶ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ፊት ለፊታችን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ ነጠላው ይታያል፤ ፊቱ ሳይታይ ያልፋል። ሹፌሩን ፍጠን ፍጠን እያልኩ ትከሻውን እየመታሁት ነበር። "ገደል ልክተትሽ?" ብሎ ተቆጣኝ።

አከራዬ ጓዳው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሕፃኗ ጭናቸው ላይ ናት። እርግብግቢቷ ወርዷል ብለው ቅቤ አድርገውላታል፤ ቅቤው አናቷ ላይ ጎድጎድ ባለው ቦታ ተኝቷል። ታለቅሳለች፤ ለቅሶው ግን የሕፃን አይመስልም፤ ቀጭን፣ የሚሰነጥቅ፣ እንደ ድመት ያለ ነው። እንባ የላትም። ወደ እኔ ዞረች፤ ያየችው ግን እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለ ነገር ይመስል ነበር፤ ሳላስበው ዘወር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ጉም ብቻ ነው ያለው።

ሆዷን ገለጥኩና በአውራ ጣቴ ነካሁት። ቆዳዋ ሊጥ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በዚሁ ጣት የነካሁት ነገር ነበር።

ብርጭቆውን ከአከራዬ እጅ ነጠቅኩ። ሕፃኗ ከጭናቸው ላይ ልትወድቅ እስክትደርስ እየተንጠራራች ተከተለችው። ቀመስኩት። አንደበት የሚያኮማትር ጨው ነበር።

"ምነው ልጄ! የሕፃኗን መድኃኒት!" አሉ አከራዬ።

"ስንት እሽግ ጠጣች እማማ?"

"ሁለቱን ጨርሳ ሦስተኛው ነው። ምነው፣ ምን ሆነሻል?"

"ይነሱ፣ ሆስፒታል እንሂድ" አልኩ። ሌላ ማለት አልቻልኩም።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው። ሕፃኗን ሲመረምራት ግራ እጇ ብቻዋን ተነጥላ ተንቀጠቀጠች። ቀሪው ሰውነቷ ጸጥ እንዳለ እጇ ብቻ የማን እንደሆነች የማትታወቅ ትመስል ነበር። ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። የተረፈውን ዱቄትና የበጠበጡበትን ዕቃ ጠየቀ፤ አከራዬ በእጃቸው አሳዩት፣ ይህን ያህል ብርጭቆ ብለው።

"በአንድ ብርጭቆ? ማን ነው እንዲህ ይበጥብጡ ያለዎት?"

አከራዬ ወደ እኔ አልዞሩም። "ማንም አላለኝ ልጄ" አሉ። "ያለማወቄ ነው።"

"ሳይጠይቁ እንዴት ያደርጋሉ? ጎረቤትዎ አንድ የተማረ ሰው ጠፋ?"

እጄ ላይ ጠመኔ ነበር። እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እኔ ነኝ ያልኳቸው ለማለት አፌን የከፈትኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልከፈትኩም። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱም ይልቅ አፈርኩ። አሮጊቷ ስለ እኔ አንገታቸውን ደፍተው ቁጣውን ተቀበሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ የተማረ ሰው ፊት ይዤ ሰማሁ።

ሐኪሙ ጨው በደሟ ውስጥ እንደበዛ፣ ውሃው ከአንጎሏ ሳይቀር እየወጣ እንደሆነ ነገረን። ቀስ ብለን እንመልሰዋለን አለ፤ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ቸኩለን ብንሰጣት አንጎሏ ያብጥና እናጣታለን። አከራዬ የሰሙት "እናጣታለን" የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ግን ሁሉም ገባኝ፤ ሳልፈልግ ገባኝ። ሥዕሉ ገና ሰሌዳዬ ላይ ነው፤ ቀስቱን ማዞር ብቻ ነው።

እናትየዋ የፀጉር ቀለም በጓንቷ ላይ እንዳለ መጣች። አልጮኸችም። ጓንቷን አወለቀች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የልጇን እግር ያዘች። ሁለት ቀን ከዚያ እግር እጇን አላነሳችም። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ከቱቦው የሚወርደውን ጠብታ አይ ነበር። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪመጣ ባለው ጊዜ ሕፃኗ የምትተነፍስ አይመስለኝም ነበር። ዓይኖቿ እንደተከፈቱ ናቸው፤ ሁሌ ከኋላዬ ያለውን ነገር ያያሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ መርፌ ስትለውጥላት ሕፃኗ ጮኸች። ወፍራም፣ ቁጣ ያለበት ጩኸት ነበር። ከቀኝ ዓይኗ አንድ እንባ ወጥቶ ጆሮዋ ሥር ገባ።

"እማዬ፣ እንባ! እንባ አላት!" አለች እናትየዋ። አከራዬ ወለሉ ላይ ተደፍተው መሬቱን ሳሙ። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ልጇን ያስተኛች ሴት ምንም ሳታውቅ አብራ አለቀሰች። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ተንበረከክሁ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ውርደትም አላውቅም።

ከሆስፒታል ከተመለሱ በሦስተኛው ቀን የአከራዬ ልጅ ደጃፌ ድረስ መጣች። ግቢ ብላት አልገባችም፤ በሩን ተደግፋ ቆመች። ቃሉን ሦስት ቀን ሳዘጋጀው ስለከረምኩ ቀደምኳት።

"ለእናትሽ ምንም አይል ያልኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ረቡዕ ማታ ከሥራ ስገባ ብርጭቆውን አይቼ 'እማዬ፣ ውሃው አንሷል፣ አንድ ሊትር ነው እኮ' አልኳት። አረብ አገር የሰው ልጅ ሦስት አሳድጌያለሁ፤ ይኼን ዱቄት ስንቴ በሊትር ለክቼ በጥብጬዋለሁ። 'መምህርቷን ጠይቄ ነው' አለችኝ። እኔ ከስምንተኛ አቋርጬ የሄድኩ ነኝ። መምህርቷ ታውቃለች አልኩና ሌሊቱን በገዛ እጄ አጠጣኋት።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኩ።

"ለይቅርታሽ አልመጣሁም። እናቴ አንቺን ማመን አታቆምም፤ ነገም ትጠይቅሻለች። ብታውቂም አላውቅም በያት። እኔን ትጠይቀኝ።"

እሺ አልኳት።

ሳምንት ሳይሞላ አከራዬ የሳል ሽሮፕ ይዘው መጡ። "መምህርት፣ ስንት ማንኪያ ነው የሚለው?" አሉኝ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ከቆምኩበት ይነበበኛል። ልጃቸው ሕፃኗን አዝላ በረንዳው ላይ ቆማ ታየናለች።

"አላውቅም እማማ" አልኩ። "ልጅዎን ይጠይቋት።"

አከራዬ ያመመኝ መሰላቸውና ግንባሬን ዳሰሱ። ከዚያ ዞሩና ልጃቸውን አዩ፤ ያን ቀን ገና የመጣች እንግዳ ያዩ ይመስል ነበር። ጠርሙሱን ሰጧት። እሷም ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አልተሳሳተችም።